ከአዳማ ተነሥቶ የሐምሌ ዕረፍት በሐዋሳና በወንዶ ገነት፦ ከእናትና ከሁለት ልጆች ጋር እንዴት ይታቀድ?

ሒሳብ ሠራተኛዋ (አዳማ)
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ በአዳማ ከተማ በሒሳብ ሙያ የምሠራ ሴት ነኝ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ፣ ያለፉትን ሁለት ወራት ቅዳሜንና እሑድን እየጨመርሁ ስሠራ ቆይቻለሁ። ሪፖርቱን እስከ ሐምሌ 15 ቀን ካስረከብሁ በኋላ የሰባት ቀን ፈቃድ ይሰጠኛል። ይህንን ጊዜ ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ሐይቅና ደን ባለበት ስፍራ ማሳለፍ እፈልጋለሁ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። ልጆቹ የ11 ዓመት ወንድና የ6 ዓመት ሴት ናቸው። ባለቤቴ በሥራ ምክንያት አብሮን አይሄድም።

ለጊዜው የነደፍሁት ዕቅድ የሚከተለው ነው። በመጀመሪያው ቀን ዝዋይ ገብተን፣ በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ተሻግረን፣ ተመልሰን ባቱ (ዝዋይ ከተማ) እናድራለን። በማግሥቱ ላንጋኖ ውለን እናድራለን። በሦስተኛው ቀን አብያታንና ሻላን አይተን ሐዋሳ እንገባለን፤ በአራተኛው ቀን ጠዋት ሐዋሳን ጎብኝተን ከሰዓት በኋላ ወንዶ ገነት እንሄዳለን፤ ከዚያም ሁለት ቀን ለአርባ ምንጭ መድቤ በሰባተኛው ቀን ወደ አዳማ እንመለሳለን። ባለቤቴ ወረቀቱን አይቶ «ይህ የንብረት ቆጠራ እንጂ ዕረፍት አይደለም» ብሎ ስለ ሳቀብኝ፣ አካባቢውን የምታውቁ ሰዎች ብታርሙኝ ደስ ይለኛል። በክረምት መሄዱ ራሱ ስሕተት እንደ ሆነና እንዳልሆነም ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ሐይቅ ዳር ያደገ (ሐዋሳ)
ሰኔ 12 ቀን

እንደምን አመሹ እኅታችን። ባለቤትዎ እውነታቸውን ነው። ያወጡት ዕቅድ ለአንድ ጤነኛ ወጣት እንኳን ከባድ ነው፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ደግሞ ሰባት ቀን ሙሉ ሻንጣ እያሰሩ መኪና ላይ መውጣትና መውረድ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ አርባ ምንጭን እሰርዛለሁ፤ መልካም አገር ነው፣ ነገር ግን ለብቻው ጊዜ ተመድቦለት የሚኬድበት እንጂ የሐዋሳ ጭማሪ አይደለም። ቀጥሎ ዝዋይን እሰርዛለሁ። ወደ ቱሉ ጉዶ የሚወስደው የጀልባ ጉዞ ረጅም ነው፣ ወደ ደብረ ጽዮን የሚያወጣውም አቀበት ነው፤ እናትዎ ገዳሙን ከታች ቆመው ካዩት ይልቅ ባያዩት የሚቆጫቸው ያነሰ ይመስለኛል።

ሐዋሳ ላይ ሦስት ቀን፣ ወንዶ ገነት ላይ ሦስት ቀን ቢያደርጉት ይበቃል። ክረምቱን አይፍሩት። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላና ሌሊት ስለሚመጣ ጠዋቱን ውጭ መዋል ይቻላል። አንድ ቀን ግን በጥብቅ እንዲጠነቀቁ እመክራለሁ፤ ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ነው፤ በዚያ ሰሞን ከተማችን ከየአቅጣጫው በሚመጣ ምእመን ስለምትሞላ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ቅዳሜ ይውላል። ስለዚህ ከሐምሌ 21 በኋላ ቢመጡ ይሻላል፤ ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ስለሚገባ ከዚያ በፊት ቢመለሱ ደግሞ ለምግቡም ይቀልላችኋል።

ባለ አባዱላው (አዳማ)
ሰኔ 13 ቀን

እኔ ስለ መንገዱ ብቻ እናገራለሁ፤ ኑሮዬ እርሱ ነውና። ከአዳማ ሞጆ፣ ከሞጆ ደግሞ በፍጥነት መንገዱ እስከ ባቱ ያለው ጉዞ ልጅ ተኝቶ የሚሄድበት ነው። ከባቱ በኋላ ግን ነባሩ አስፋልት ስለሚጀምር በጋሪ፣ በከብትና በባጃጅ መካከል ነው የሚኬደው፤ በቡልቡላ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ ከተሞች ውስጥ ደግሞ ፍጥነት የሚባል ነገር ይረሳል። ጠቅላላ ርቀቱ ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ቢልም፣ የመጀመሪያው ግማሽና የሁለተኛው ግማሽ የሚወስዱት ጊዜ ፈጽሞ አይመጣጠንም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥተው ቁርስዎን ባቱ ላይ ቢበሉ፣ የሚቀረውን መንገድ ተረጋግተው ይጨርሱታል። በጨለማ እንዳይጓዙ፤ ከመነሣትዎ በፊት በነበረው ማታም ከመናኸሪያ ስለ መንገዱ ሁኔታ ይጠይቁ።

አንዳንድ ሰው በአሰላና በበቆጂ አድርጎ በዶዶላና በኮፈሌ ሻሸመኔ መውረድን ይመርጣል። ዕይታው በእውነት ያምራል፣ ነገር ግን በሐምሌ የአርሲ ደጋ ብርድ ለእናትዎ ጉልበት አይስማማም፤ መንገዱም ይረዝማል። መኪና የሚያማት ልጅ ካለች ከፊት ወንበር አስቀምጧት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (አዳማ)
ሰኔ 13 ቀን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አርባ ምንጭንና ዝዋይን ያለ ክርክር ሰርዣለሁ። ላንጋኖ ግን ከልቤ አልወጣም፤ ልጆቹ ዋና ይወዳሉ፣ እኔም ሐይቁና ደኑ በአንድ ቦታ ቢገኙልኝ እመርጣለሁ። በወንዶ ገነት ደን እንጂ ሐይቅ የለም፣ በሐዋሳ ደግሞ ሐይቅ እንጂ ደን የለም ብዬ ነው ያሰብሁት። ተሳስቼ ይሆን?

ላንጋኖ ወዳጅ (አዲስ አበባ)
ሰኔ 13 ቀን

አልተሳሳቱም፤ እንዲያውም ከሁላችን በላይ ነገሩን ያዩት እርስዎ ነዎት። አብዛኛው ሰው ላንጋኖ ሲባል የሚያውቀው በምዕራቡ በኩል፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለውን የባሕር ዳርቻ ነው፤ ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰውና በሚያስጮኸው ሙዚቃ የሚሞላው ያ ወገን ነው። የምሥራቁ ዳርቻ ሌላ ዓለም ነው። ከሙነሳ ተዳፋት የሚወርደው ደን ወደ ውኃው የሚጠጋው በዚያ በኩል ሲሆን፣ ከእነዚያ ግዙፍ የሾላ ዛፎች በአንዱ ሥር ተቀምጦ ከፊት ሐይቁን፣ ከኋላ ጉሬዛን የሚያይ ሰው ሌላ ቦታ መሄድ አያምረውም። የውኃው መልክ ቡናማ መሆኑ አያስፈራችሁ፤ ቆሻሻ ሳይሆን በውኃው ውስጥ ተንሳፍፎ የማይዘቅጥ ደቃቅ ደለል ነው። ልጆች በሐይቅ እንዲዋኙ የሚፈልግ ቤተሰብ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ላንጋኖን የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

የዛፍ ሰው (ሐዋሳ፣ ጡረተኛ)
ሰኔ 14 ቀን

ልጄ፣ ዕድሜዬን በደን ሙያ ያሳለፍሁ ሽማግሌ ስለ ሆንሁ ቃሌ ቢረዝም ታገሺኝ።

በመጀመሪያ፣ ላንጋኖን የመከረሽ ሰው ስለ ምሥራቁ ዳርቻ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፤ ጊዜው ግን ልክ አይደለም። ወደዚያ የሚያደርሰው ከአስፋልቱ ወጥቶ የሐይቁን ዙሪያ የሚከተል የአፈር መንገድ ነው። በኅዳር ወይም በጥር ብትጠይቂኝ «ሌላውን ሁሉ ትተሽ እዚያ አምስት ቀን ተቀመጪ» እልሽ ነበር። በሐምሌ ግን ጭቃው መኪናን ይይዛል፤ አንድ ጊዜ ከተያዘ ደግሞ እናትሽን ከመኪና አውርደሽ በዝናብ ልታቆሚ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ «በወንዶ ገነት ሐይቅ የለም፣ በሐዋሳ ደን የለም» ያልሽው ነው። ለዓይን እንዲህ ይመስላል፤ ውኃው የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ወንዶ ገነት የሚገኘው በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ግድግዳ ሥር ነው። ከዚያ ተዳፋት የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ጨለለቃ ረግረግ ይገባሉ፤ ከረግረጉ የሚወጣው ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ደግሞ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይፈስሳል። ሐይቁ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ የገባው ውኃ በገጸ ምድር የሚወጣበት በር ግን የለውም። ስለዚህ ማታ በፍቅር ሐይቅ ዳር ቆመሽ የምታዪው ውኃ ከፊሉ የወንዶ ገነት ደን ያጠራቀመው ዝናብ ነው። ጨለለቃ ራሱ በቀድሞው ጊዜ ሐይቅ ነበር፤ ተዳፋቱ ሲመነጠር በወረደው ደለል እየተሞላ ረግረግ ሆነ። ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ስትገቢ፣ የጥቁር ውኃን ድልድይ ከመሻገርሽ በፊት በስተግራሽ የምታዪው ሜዳ እርሱ ነው፤ ለልጆቹ ማሳየትን አትርሺ።

አሁን ወደ ወንዶ ገነት ልምጣ። ሰው ፍል ውኃውን ብቻ ያውቃል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ማረፊያ አሠርተውበት ነበር። የደን ትምህርት ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1978 የተመሠረተ ሲሆን፣ ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኝ ኮሌጅ ነው። እንግዳ ሰው እዚያ ሲደርስ ከታች በመስመር የቆመውን ባሕር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጽድና ግራቪሊያ አይቶ «ደኑ ይህ ነው» ብሎ ይመለሳል። እርሱ በሰው እጅ የተተከለ ነው። የተፈጥሮው ደን ከበላዩ ነው፤ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ብርብራና ጥቁር እንጨት ተቀላቅለው የሚበቅሉበት፣ ከሥሩ ቡና የሚታይበት ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ጆሮ ይበቃል። በባሕር ዛፉ ውስጥ ነፋስ ብቻ ይሰማል፤ በተፈጥሮው ደን ውስጥ ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ ወፉ ዝም አይልም። መልኩ ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበለት የሚመስል ትልቅ ወፍ ሲበርር የክንፉ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ሌላው ደግሞ ሲቀመጥ አረንጓዴ፣ ሲበርር ክንፉ ቀይ የሚሆን ነው፤ ልጆችሽ ሁለት የተለያዩ ወፎች ያዩ ይመስላቸዋል።

እናትሽ ወደ ላይ መውጣት አያስፈልጋቸውም። ከበታቹ ባለው ጥላ ሥር ወንበር ይዘው ይቀመጡ፤ ጉሬዛዎቹ ራሳቸው ይመጣሉ። አንቺና ልጆቹ ግን ከአካባቢው ወጣቶች አንድ አስጎብኚ ይዛችሁ አንድ ጠዋት ወደ ላይ ውጡ። ልጆቹ የወደቀ ቅጠል ብቻ ይልቀሙ፣ ከዛፍ አይቀንጥሱ፤ ከየዛፉ አንድ አንድ ይዘው በደብተር መካከል ያድርቁት። ስሙን እኔ እነግራቸዋለሁ።

ነርሷ (ሐዋሳ)
ሰኔ 14 ቀን

ከአባታችን በኋላ መናገር ቢከብድም ሦስት የጤና ጉዳዮችን ልጨምር።

የመጀመሪያው ዋና ነው። ልጆቹ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር እግራቸውን እንኳን ውኃ ውስጥ እንዳያስገቡ እመክራለሁ። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ተሸካሚው በዳር ባለው ሣር መካከል የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው፤ ከእርሱ የሚወጣው በዓይን የማይታይ ተውሳክ በውኃው ውስጥ ሰውነትን በስቶ ይገባል። ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም፣ መንካቱ ይበቃል። ጉማሬም አለ፤ ማለዳና ምሽት ወደ ሣር ስለሚወጣ በዚያ ሰዓት ሰው በሌለበት ዳርቻ መሄድ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ለዋና ማረፊያ ቤቶች ያላቸውን ገንዳ ወይም የወንዶ ገነትን ይጠቀሙ።

ሁለተኛው ፍል ውኃው ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አረጋዊት በጣም ሞቃት በሆነ ውኃ ውስጥ ብዙ ሲቆዩ ግፊታቸው ወርዶ፣ ሲነሡ ሊያዞራቸውና ሊወድቁ ይችላሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸውን አማክሩ። ከፈቀደ፣ ለብ ባለው በኩል፣ ለአጭር ጊዜ፣ ምግብ ቀምሰውና ውኃ ጠጥተው ይግቡ፤ ሲወጡም አንድ ሰው እጃቸውን ይያዝ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል። መድኃኒታቸውን ለሰባት ቀን ሳይሆን ለአሥር ቀን የሚበቃ ይያዙ።

ሦስተኛው ወባ ነው። ለአዳማ ሰው ወባን ማስተማር ለቀባሪ ማርዳት ስለ ሚሆን አጎበርና ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ብቻ ብዬ አልፋለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (አዳማ)
ሰኔ 16 ቀን

አባቴ፣ ስለ ሰጡኝ ትምህርት እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው። ላንጋኖን ለጥር አቆይቼዋለሁ። እኅቴ ነርሷንም አመሰግናለሁ፤ ሐኪሙን በሚቀጥለው ሳምንት እናነጋግረዋለን።

ነገር ግን አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ተፈጥሯል። ትናንት ምሽት ዕቅዱን ለእናቴ ሳነብላት «ሐምሌ 21 ነው የምንሄደው» ስላት ዝም ብላ ቆየችና፣ ልጄ በታመመችበት ጊዜ ለሐዋሳው ገብርኤል ጥላ ተስላ እንደ ነበር፣ አምስት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳትነግር እንደ ቆየች አጫወተችኝ። ገብርኤል ደጃፍ ሁለት ቀን ዘግይቶ መድረስ ለእርሷ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ሁላችሁም «ሽሹት» ያላችሁኝን ቀን መሃል ላይ አድርጌ እንደገና ማቀድ አለብኝ። ይቻላል ወይ?

ባለ አባዱላው (አዳማ)
ሰኔ 16 ቀን

ይቻላል እንጂ። በየዓመቱ ሰው እወስዳለሁ። ዋናው ነገር ሐምሌ 18 ቀን መንገድ ላይ አለመገኘት ነው፤ የዋዜማው ዕለት መኪና ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ከሻሸመኔ በኋላ ያለው አጭር መንገድ እንኳን ይረዝማል። ሐሙስ ሐምሌ 17 ማለዳ ተነሡ። የሐምሌ ገብርኤል ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላ ውኃ ያወጣበት በዓል መሆኑን እያወቅሁ፣ ተሳላሚዎችን በማግሥቱ ወደ ወንዶ ገነት ፍል ውኃ ሳደርስ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ።

ሐይቅ ዳር ያደገ (ሐዋሳ)
ሰኔ 17 ቀን

ስለቱ ካለ ምክሬን ሙሉ በሙሉ እቀይራለሁ፤ ያን ቀን የሚሸሸው ዕረፍት ፈላጊ እንጂ ባለ ስለት አይደለም።

መኝታውን ዛሬውኑ በስልክ ያስይዙ፤ ቀብድም ይክፈሉ። ቀብድ ያልተከፈለበት ክፍል በዋዜማው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ከዘመድ እንግዶቼ አይቻለሁ። ምድር ቤት ያለ ክፍል ይጠይቁ፤ ከሐይቁ ፊት ለፊት የሆነው ክፍል ብዙ ጊዜ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ለእናትዎ ጉልበት ሲባል ዕይታው ቢቀር ይሻላል። ዓርብ ሐምሌ 18 ጠዋት ሕዝቡ ሳይሞላ እናትዎ ቤተ ክርስቲያኑን ቢሳለሙና ጥላውን ቢያስረክቡ እረፍት ያገኛሉ። ቅዳሜ ለንግሡ ሲሄዱ ታጣፊ መቀመጫ ይያዙ፤ ታቦቱ ሲወጣ ወደ መሃል ከመጋፋት ዳር ይዘው ይቁሙ፤ ስልክ ቁጥርዎን በልጆቹ ኪስ ውስጥ በወረቀት ጽፈው ያኑሩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከተማው እንደ ተራገፈ ጎተራ ባዶ ይሆናል። የእኔ ሐዋሳ የሚጀምረው ያኔ ነው። በግንቡ ላይ ያለውን የፍቅር ሐይቅ መንገድ በቀስታ ይሂዱበት፤ ደልዳላ ስለሆነ ጉልበት አያደክምም፣ መቀመጫም አለው። ሰኞ ማለዳ ደግሞ አሞራ ገደል ይሂዱ። ዓሣ አጥማጆቹ የሌሊቱን መረብ ይዘው ሲመለሱ፣ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ሲበለትና አባ ኮዳ የተባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ተቆጣጣሪ ተሰልፈው ቁራጭ ሲጠብቁ ልጆችዎ ያያሉ። ጀልባ ከፈለጉ ጠዋት ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ውኃው ይናወጣል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩን ሳያዩ አይሳፈሩ፤ የልጅ ልክ ከሌለ ልጅቷን ይዘው ከዳር ይቅሩ። ከአሞራ ገደል ቀጥታ ወደ ወንዶ ገነት ይለፉ።

የዓሣው ጥሬ (አዲስ አባል)
ሰኔ 17 ቀን

አሞራ ገደል ድረስ ሄዶ ጥሬ ዓሣ በአዋዜ ሳይቀምሱ መመለስ ነውር ነው። ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ዓሣ ይበላል ባይ ነኝ።

ነርሷ (ሐዋሳ)
ሰኔ 17 ቀን

ለአረጋዊትና ለሕፃናት በደንብ የተጠበሰው ወይም ሾርባው እንጂ ጥሬው አይሆንም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (አዳማ)
ሰኔ 17 ቀን

እናቴ በጾም ቀን ዓሣ አትበላም፤ የሚከራከራትንም አትወድድም። ሰኞ ስለሚሆንልን ችግር የለም።

የመድረኩ አስተናባሪ
ሰኔ 17 ቀን

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር የሚመለከቱ 14 አስተያየቶችን ወደ ሌላ ክር አዛውሬአለሁ። እዚህ ስለ ጉዞው ብቻ እንነጋገር።

የዛፍ ሰው (ሐዋሳ፣ ጡረተኛ)
ሰኔ 18 ቀን

ልጄ፣ እንግዲህ ዕቅድሽ ራሱን ሠርቷል፤ ከሐሙስ እስከ እሑድ ሐዋሳ፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ወንዶ ገነት፣ ሐምሌ 23 ከሰዓት በፊት ወደ አዳማ። አብያታንና ሻላን ከመኪናው መስኮት ማየት ይበቃሻል፤ «ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ጥልቁ ነው» ብለሽ ለልጁ ንገሪውና እለፊ። አትውረጂ።

ሦስት ነገር ልጨምር። ለጉሬዛዎቹ ዳቦ እንዳትሰጡ። ጉሬዛ ቅጠል በል ናት፤ ሆዷ እንደ ላም ሆድ ክፍል ክፍል ያለውና ቅጠል ለማፍላት የተሠራ ስለሆነ ዳቦና ጣፋጭ ይጎዳታል። ጦጣው ግን ሳትሰጡት ራሱ ይወስዳል፤ የክፍላችሁን መስኮት ዝጉ። ሁለተኛ፣ ለወንዶ ገነት ካልሲና ጋቢ ያዙ። ሦስተኛ፣ በሁለተኛው ቀን ልጆቹ «ምንም የሚሠራ የለም፣ ወደ ቤት እንሂድ» ይሉሻል። አትደንግጪ፤ ሌላ ፕሮግራምም አታውጪላቸው። ግማሽ ቀን ጠብቂ።

ላንጋኖ ወዳጅ (አዲስ አበባ)
ሰኔ 18 ቀን

በጭቃው ጉዳይ ተሸንፌአለሁ፤ አባታችን ትክክል ናቸው። ጥር ላይ ሲመጡ ግን ከእሑድ ማታ እስከ ሐሙስ ባለው ጊዜ ይሁን። ቅዳሜንና እሑድን ለእኛ ለአዲስ አበቤዎች ተዉልን፤ የሚያስጮኸውን ሙዚቃ ወቅሼ ራሴን አላወጣሁምና።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (አዳማ)
ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

በተናገራችሁት መሠረት ሄደን ተመልሰናል፤ ለሚቀጥለው ጠያቂ ይጠቅም እንደ ሆነ የሆነውን ልጻፍ።

ሐሙስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥተን ባቱ ላይ ቁርስ በላን። ከሻሸመኔ በኋላ በስተግራችን ጨለለቃን ለልጆቹ አሳየኋቸው፤ ልጄ «ሐይቁ የት ሄደ?» አለኝ፣ እኔም ከአባታችን የተማርሁትን ነገርሁት። እናቴ ዓርብ ጠዋት ጥላውን አስረከበች። ቅዳሜ ዝናብ ሳይጥል ዋለ፤ ዳር ይዘን ቆምን፣ ታጣፊ መቀመጫው ለእናቴ ብቻ ሳይሆን ለሦስት የማናውቃቸው እናቶችም ተራ በተራ አገለገለ። እሑድ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ዘነበ፤ የፍቅር ሐይቅ የእግር ጉዞ ቀረብን። ከበረንዳ ሆነን ዝናቡ በውኃው ላይ ሲሄድ ስናይ ዋልን፤ እናቴ ከመጣንበት ቀን ጀምሮ ያን ያህል ስትስቅ አላየኋትም፤ ምክንያቱም ጦጣ ገብቶ የልጅቷን ድፎ ዳቦ ሲወስድ መስኮቱን ክፍት የተወችው እርሷ ራሷ ነበረች። ሰኞ ጀልባ አልተሳፈርንም፣ የልጅ ልክ ጃኬት አልነበረምና። ቆሮሶው ተጠብሶ ቀረበልን፤ የልጅቷ ዓይን ግን ከአባ ኮዳዎቹ ላይ አልተነቀለም።

በወንዶ ገነት ሐኪሙ ለእናቴ ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ መቆየት ስለ ፈቀደላት ሁለት ጊዜ ገባች። ሌሊቱ ከጠበቅሁት በላይ ይበርዳል፤ ጋቢው ባይኖር እንቸገር ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ልጁ አባታችን የተናገሩትን ቃል ሳይቀንስ «ምንም የሚሠራ የለም» አለኝ። እንደ ታዘዝሁት ዝም አልሁ። ከሰዓት በኋላ እኅቱን ይዞ ቅጠል ሲለቅም አገኘሁት። ረቡዕ ማለዳ ከአስጎብኚው ጋር ወደ ላይኛው ደን ወጥተን ስንመለስ 19 ቅጠሎች ነበሯቸው፤ አስጎብኚው የ18ቱን ስም ነገራቸው። ጉዞው በዚህ ምክንያት ከታቀደው ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ጀመረ፤ አዳማ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው።

አንድ ጥያቄ ቀርቶብኛል። ልጄ ከሁሉ አብልጣ የያዘችው 19ኛው ቅጠል የልብ ቅርፅ ያለው፣ መልኩ ደማቅ ብርቱካናማ ነው። እርሷ እንደምትለው ዛፉ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ነበር፣ ይህ አንድ ቅጠል ግን ሥሩ ወድቆ አገኘችው። ወንድሟ «ከሌላ ዛፍ ነው የመጣው» ብሎ ይከራከራታል። አባቴ፣ ማን ልክ ነው?

የዛፍ ሰው (ሐዋሳ፣ ጡረተኛ)
ሐምሌ 28 ቀን

ልጅቷ ልክ ናት። ብሳና ነው። ቅጠሉ ያረጀ እንደ ሆነ ከመርገፉ በፊት እንዲህ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ዛፉ ግን አረንጓዴነቱን አይተውም። ወንድሟ የሚጠራጠር ከሆነ እዚያው አዳማ ውስጥ ብሳና ስለማይጠፋ፣ ከዛፉ ሥር የወደቀ ቅጠል ይፈልግ።